በ«ተቆርጧል» እና በ«ገብቷል» መካከል

በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በአንድ ባለ ሱቅ አባል የቀረበ ንግግር





ኮሚቴው «ሱቅና ምግብ ቤት ላላቸው አባሎቻችን ስለ ካርድ ክፍያ አንድ ነገር ተናገር» ሲለኝ መጀመሪያ እንቢ ብዬ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ከአገር የወጣሁ፣ ቡናና በርበሬ፣ ሽሮና ነጠላ የምሸጥ ሰው ነኝ። የባንክ ትምህርት የለኝም። ይሁን እንጂ እዚህ ናይሮቢ ባንኮኒዬ ላይ የካርድ ማሽን ካስቀመጥኩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። ዛሬ የምነግራችሁን አብዛኛውን በገንዘቤ ከፍዬ፣ አንዱን ደግሞ ሰው አስቀይሜ የተማርኩት ነው። በነፃ ብትወስዱት አይከፋኝም።

አዲስ አበባ ሱቅ ያለው ታናሽ ወንድም አለኝ። ማታ ማታ ይደውልልኛል። ሰላምታው ሳያልቅ የሚነግረኝ አቤቱታ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ከደንበኛው ተቆርጧል፣ እኔ ጋ ግን አልገባም። ገንዘቡ የት ሄደ?» ይለኛል። እናንተም ይህን ጥያቄ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ፤ እንደ ነጋዴ ካልጠየቃችሁት እንደ ገዢ ጠይቃችሁታል። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ በእነዚህ በሁለቱ ቃላት፣ በ«ተቆርጧል» እና በ«ገብቷል» መካከል ስላለው መንገድ ነው። ማሽኑ የሚያሳየን ቃል ሁሉ ገንዘቡ በዚህ መንገድ ላይ የቱ ጋ እንደ ደረሰ የሚናገር ነው እንጂ፣ ገንዘቡ ኪሳችን መግባቱን የሚናገር አይደለም።

ነገሩን ከዱቤ መዝገብ ልጀምረው። አባቴ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ነበራቸው፤ ከባንኮኒው ሥር ጫፉ የተበላ የዱቤ ደብተር ነበር። የሰፈሩ ሰው ስኳር ይወስዳል፣ ስሙ ይጻፋል፤ ደመወዝ ሲወጣ ይከፍላል፣ ስሙ ይሰረዛል። አባቴ የማያውቁት ሰው ዱቤ ሲጠይቅ «ዋስ አምጣ» ይሉታል። የሚታወቅ ሰው መጥቶ «እኔ አለሁ» ካለ ዕቃው ይሰጣል። ልብ በሉ፣ ዋሱ «እኔ አለሁ» ባለ ጊዜ አባቴ እጅ ላይ አንድም ሳንቲም አልገባም። ቃል ብቻ ነው የገባው።

የካርድ ክፍያም ከዚህ አይርቅም። ደንበኛው ካርዱን ሲያስገባ ማሽኔ ወደ እኔ ባንክ ይጠይቃል፤ የእኔ ባንክ በቪዛ ወይም በማስተር ካርድ መስመር በኩል የደንበኛውን ባንክ ይጠይቃል፤ የደንበኛው ባንክም ሂሳቡን አይቶ «እኔ አለሁ» ወይም «የለሁበትም» ብሎ በመጣበት መንገድ ይመልሳል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በጥቂት ሴኮንዶች ነው። ዘዴው የቆየ ነው። ዳይነርስ ክለብ የሚባለው ካርድ ኒው ዮርክ ውስጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ባንክ ኦፍ አሜሪካ በ1958 በካሊፎርኒያ ፍሬዝኖ ከተማ ያስጀመረው ካርድ ደግሞ በ1976 ቪዛ ተብሎ ተሰየመ። በዚያ ዘመን ነጋዴው ለትልቅ ሽያጭ ስልክ ደውሎ ፈቃድ ይጠይቅና የተነገረውን ቁጥር በወረቀቱ ላይ በእጁ ይጽፍ ነበር። ዛሬ ደረሰኛችን ላይ የምናየው የፈቃድ ቁጥር የዚያ ተከታይ ነው።

እንግዲህ ማሽኑ «አፕሩቭድ» ብሎ ወረቀት ሲያወጣ ምን ሆነ? የደንበኛው ባንክ ዋስ ሆነ። ያንን ያህል ገንዘብ ደንበኛው በሌላ ቦታ እንዳያወጣው አገደው። ገንዘቡ ገና ከባንኩ አልወጣም። ነገር ግን ባንኩ ወዲያው ለደንበኛው ስልክ መልእክት ይልካል፣ የሚያወጣው ቀሪ ሂሳቡም ቀንሶ ይታያል። ደንበኛው «ተቆረጠ» ይላል፤ ከእርሱ በኩል እውነቱን ነው፣ ሊያዝበት የማይችል ገንዘብ ከሌለ ገንዘብ አይለይምና። በባንኩ ወረቀት ላይ ግን «ፔንዲንግ» ተብሎ የተጻፈው ይኸው ነው። የታገደ፣ ያልተላለፈ ማለት ነው።

ከእገዳ ወደ መተላለፍ የሚያደርሰው የቀኑን ሂሳብ መዝጋት ነው። ማሽኑ ላይ «ሴትልመንት» የሚለው ትእዛዝ ነው። የቀኑ ሽያጭ ሁሉ ተጠርዞ ወደ ባንካችን የሚላከው ያን ጊዜ ነው። አንዳንዱ ማሽን ሌሊት በራሱ ይዘጋል፤ አንዳንዱ ግን ሰው ካልጫነው ዝም ብሎ ይቀመጣል። የእኔ የመጀመሪያ ማሽን ከሁለተኛው ዓይነት ነበር፣ እኔ ደግሞ ይህን አላውቅም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በካርድ ሸጥኩ፤ «አፕሩቭድ፣ አፕሩቭድ» ይላል፣ እኔም ወረቀቱን እየሰበሰብኩ በላስቲክ አስራለሁ። ሂሳቤን ባየው ባዶ ነው። በአሥረኛው ቀን ወረቀቶቼን ይዤ ወደ ባንክ ሄድኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። መስኮቱ ጋ የነበረችው ልጅ በትዕግሥት ሰምታኝ «ሴትልመንት አድርገዋል?» አለችኝ። «እሱ ምንድን ነው?» አልኳት። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሳቀ።

ሱቄ ተመልሼ ያንን ቁልፍ ስጫን ማሽኑ አንድ ክንድ የሚያህል ወረቀት ተፋ። አብዛኛው ገንዘብ ገባ። ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽያጭ ግን ሁለቱ አልገቡም። የደንበኞቹ ባንኮች ጠብቀው ጠብቀው እገዳውን ለቀውት ነበር፤ ዋስም ቢሆን ለዘላለም አይጠብቅም። እገዳው የሚቆይበት ጊዜ እንደ ባንኩና እንደ ካርዱ ይለያያል። ከሁለቱ ደንበኞች አንዱን አውቀው ስለ ነበር ነግሬው እንደገና ከፈለኝ፤ ሌላውን እስከ ዛሬ አላየሁትም።

ሂሳቡ ከተዘጋ በኋላ ገንዘቡ በአንድ ወይም በሁለት የሥራ ቀን ይገባል። «የሥራ ቀን» የምትለዋን ቃል አትርሱ፤ ዓርብ ማታ የዘጋችሁት ቅዳሜና እሑድ መንገድ ላይ ይተኛል። ሲገባም የባንኩ ድርሻ ተቀንሶ ነው። በደረሰኝ የደመራችሁትና ባንክ የገባው እኩል ካልሆነ መጀመሪያ ኮሚሽኑን አስቡ፤ ከዚያ በኋላ ነው ባንኩን መጠርጠር።

አሁን ወደ «ዲክላይንድ» ልምጣ። በዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም እኛ ሐበሾች እርስ በርሳችን የምንጎዳዳው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ እንቢ ሲል ብዙዎቻችን ጮክ ብለን «ካርድዎ ገንዘብ የለውም» እንላለን። ከኋላ ሰልፍ አለ፣ የሚተዋወቅ ሰው አለ። ያቺ ሴት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ያው ሰው ያገኛታል። ማሽኑ ግን ገንዘብ የለም አላለም ይሆናል። ከእምቢታው ጋር ብዙ ጊዜ በወረቀቱ ላይ ሁለት አኃዝ ያለው ቁጥር ይወጣል፤ እነዚህ ቁጥሮች በአብዛኛው ማሽን ላይ አንድ ዓይነት ትርጉም አላቸው። እኔ ጥቂቶቹን በካርቶን ጽፌ ከባንኮኒው በስተ ውስጥ ለጥፌአለሁ።

በእውነት ገንዘብ አይበቃም ማለት 51 ነው። 54 ከሆነ የካርዱ ጊዜ አልፎበታል፤ 55 የምሥጢር ቁጥሩ ተሳስቷል፤ 75 ደግሞ ተደጋግሞ ስለ ተሳሳተ ተዘግቷል ማለት ነውና ከዚህ በኋላ ደንበኛውን «እስቲ አንድ ጊዜ ደግሞ ይሞክሩ» ማለት ጥቅም የለውም። 91 ከሆነ የደንበኛው ባንክ ወይም መስመሩ መልስ አልሰጠም፤ ደንበኛው ሚሊየነር ቢሆን እንኳ 91 ሊመጣበት ይችላል። 41 እና 43 ጠፍቷል ወይም ተሰርቋል ተብሎ የተመዘገበ ካርድ ነው፤ እዚህ ላይ ጀግና ለመሆን አትሞክሩ፣ ሽያጩን ትታችሁ ወደ ባንካችሁ ደውሉ።

ከሁሉ ብዙ ያስቸገረኝ 05 ነው። ትርጉሙ «አልቀበልም» ብቻ ነው። ባንኩ ምክንያቱን አይናገርም። ለገና ወይም ለበጋ ዕረፍት ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጡ ዘመዶቻችን ላይ ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። ሰውየው ትናንት ዋሽንግተን ነበረ፣ ዛሬ ናይሮቢ በርበሬ ይገዛል፤ የእርሱ ባንክ «ካርዱ ተሰርቆ ይሆናል» ብሎ ይጠራጠርና ይዘጋዋል። ሰውየው ወደ ባንኩ ደውሎ ወይም ስልኩ ላይ «እኔው ነኝ» ብሎ ሲያረጋግጥ ያው ካርድ እዚያው ማሽን ላይ ይሠራል። ስለዚህ እኔ አሁን በማናቸውም ቁጥር ቢሆን፣ 51 እንኳ ቢሆን፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ባንክዎ አልፈቀደልኝም፤ ሌላ ካርድ ወይም ሌላ መንገድ አለዎት?» ነው የምለው። ውሸት አይደለም፣ ማንንም አያሳፍርም።

ቀጥሎ የምነግራችሁ በ2016 የደረሰብኝን ነው፤ ደረሰብኝ ከምል ያደረስኩትን ብል ይሻላል። ሁላችንም የምናከብራቸው አንዲት እናት፣ እትዬ እያልን የምንጠራቸው፣ ለልጃቸው ምርቃት ዕቃ ሊገዙ መጡ። ቡና፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሁለት ጀበና፣ ለስጦታም ነጠላ ገዙ። ሂሳቡ 18,400 ሽልንግ ሆነ። ካርዳቸውን ማሽኑ ውስጥ አስገቡ፣ ቁጥራቸውን መቱ፤ ማሽኑ ሲያስብ ሲያስብ ቆይቶ «መልስ የለም» የሚል ወረቀት አወጣ። ወዲያው መብራት ሄደ፣ የማሽኑም ባትሪ አልቆ ኖሮ ጠፋ። የሌላ ባንክ ሁለተኛ ማሽን ነበረኝና በእርሱ አስከፈልኳቸው። «አፕሩቭድ» አለ። ዕቃውን መኪናቸው ድረስ ተሸክሜ ሸኘኋቸው። የጠፋውን ማሽን ግን «ይኼ ደግሞ ሁልጊዜ ያናድደኛል» ብዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩትና በሁለተኛው መሥራት ቀጠልኩ።

በማግሥቱ እትዬ መጡ። «ልጄ፣ ስልኬ ሁለት ጊዜ ተቆርጧል ይላል» አሉኝ። የሁለተኛውን ማሽን ዝርዝር አወጣሁ። አንድ ብቻ ነው። «እትዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የከፈሉት፤ ይኸው ወረቀቱ» አልኳቸው። ስልካቸውን አሳዩኝ። እኔ በዚያን ቀን ሱቁ ሞልቶብኝ ነበር፣ ትዕግሥትም አልነበረኝም፤ «እንግዲህ እኔ ጋ ያልገባ ገንዘብ ከየት አምጥቼ ልስጥዎ? ሰው ሁለት ጊዜ ዕቃ በነፃ አይወስድም» የሚል ንግግር ከአፌ ወጣ። በሱቁ ውስጥ የነበሩ አራት አምስት ሰዎች ሰሙ። እትዬ ምንም አልመለሱልኝም። ስልካቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ወጡ።

አሁን የሆነውን ላስረዳችሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ የእርሳቸው ባንክ ደርሷል። ባንካቸው «እኔ አለሁ» ብሎ 18,400 ሽልንግ አግዷል። መልሱ ግን ወደ እኔ ሲመጣ መንገድ ላይ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ማሽን እንዲህ ሲያጋጥመው «መልስ አልደረሰኝምና ያንን ሽያጭ ሰርዙት፣ እገዳውንም ልቀቁት» የሚል መልእክት ለመላክ ያዘጋጃል። ይህ «ሪቨርሳል» ይባላል። የእኔ ማሽን ይህን መልእክት ይዞ ኔትወርክ ሲያገኝ የሚልክ ነበር። እኔ ግን ማሽኑን መሳቢያ ውስጥ ዘግቼበታለሁ። የእትዬን ገንዘብ የሚያስለቅቀው መልእክት በእኔው መሳቢያ ውስጥ፣ ከተሰበሩ እስክሪብቶዎች ጋር ተኝቶ ነበር።

ይህን ያወቅሁት በስምንተኛው ቀን ነው። ሁለተኛው ማሽን ወረቀት አልቆበት የመጀመሪያውን ቻርጅ አድርጌ አስነሳሁት። ሌላ ሽያጭ ልጀምር ስል ማሽኑ መጀመሪያ የራሱን ነገር ልኮ «ሪቨርሳል» የሚል ወረቀት አወጣ። መጠኑን አየሁ፤ 18,400። ቀኑን አየሁ። እግሬ ተሳሰረ። ወደ ባንኬ ደውዬ ስጠይቅ ከላይ የነገርኳችሁን አስረዱኝ።

በእነዚያ ስምንት ቀናት እትዬ የቤት ኪራያቸውን ተበድረው እንደ ከፈሉ በኋላ ከሰው ሰማሁ። የልጃቸው ምርቃት በዚያው ሳምንት ነበር። ገንዘቡ ከተለቀቀ በኋላ እኔና ባለቤቴ አንድ ኪሎ ቡና ይዘን ቤታቸው ሄድን። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናግሬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ቡናውን እዚያው ቆሉት፣ ሦስቱንም አጠጡን፣ ስለ ገንዘቡ አንድ ቃል አልተናገሩም። ዛሬም ደንበኛዬ ናቸው፤ በዓል ሲደርስ ይመጣሉ። የሚከፍሉት ግን በጥሬ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ማሽናችሁ «መልስ የለም» ወይም «ታይም አውት» ካላችሁ ሽያጩ አልተሳካም ብላችሁ አትደምድሙ፤ ተሳክቷልም አትበሉ። አይታወቅም ነው መልሱ። ወረቀቱን አትጣሉት፣ ለደንበኛው አንዱን ቅጂ ስጡት። ማሽኑን አጥፍታችሁ አታስቀምጡት፤ አስነስታችሁ ከኔትወርክ ጋር አገናኙት፣ ሪቨርሳሉ መሄዱንም አረጋግጡ። ደንበኛው ሁለት ጊዜ ተቆረጠብኝ ቢል ስልኩን እዩለት። በወረቀቱ ላይ «አር አር ኤን» የሚባል አሥራ ሁለት አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር አለ። ደንበኛው ያንን ቁጥር፣ ቀኑንና መጠኑን ይዞ ባንኩ ቢሄድ ፈልገው ያገኙለታል። ያለ ቁጥሩ ቢሄድ ግን «ነጋዴውን ጠይቅ» ይሉታል፣ ነጋዴው «ባንክህን ጠይቅ» ይለዋል፣ ሰውየው በመካከል ይመላለሳል።

ዕቃ ሲመለስ ደግሞ ሁለት መንገድ አለ። ሽያጩ የዛሬ ከሆነና ሂሳቡን ገና ካልዘጋችሁ «ቮይድ» ታደርጋላችሁ፤ ሽያጩ ከጥራዙ ይወጣል፣ ገንዘቡ መጀመሪያውኑ ከደንበኛው ባንክ አልተላለፈም። ሂሳቡ ከተዘጋ በኋላ ግን ቮይድ አይሠራም። «ሪፈንድ» ነው፤ እርሱም እንደ አዲስ ወደ ኋላ የሚሄድ ክፍያ ስለሆነ ቀናት ይወስዳል፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ። ሪፈንድ ያደረጋችሁበትን ወረቀት ለደንበኛው ስጡት፣ «ዛሬ አይገባም» ብላችሁም ከወዲሁ ንገሩት። ካርዱ የውጭ አገር ከሆነ ተመላሹ የሚመነዘረው በሚመዘገብበት ቀን ምንዛሪ ስለሆነ ሰውየው ከከፈለው ጥቂት ዶላር ሊያንስበት ወይም ሊበልጥለት ይችላል። ይህን ቀድሜ ባለመናገሬ አንድ ከሚኒያፖሊስ የመጣ ወንድማችን ለሦስት ዶላር ስድስት ጊዜ ደውሎልኛል።

በካርድ የተከፈለን በጥሬ ገንዘብ አትመልሱ። ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ጥሬውን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ወደ ባንኩ «ዕቃውን መልሻለሁ፣ ገንዘቤ አልተመለሰም» ቢል በእጃችሁ ምንም ማስረጃ የለም።

ይህም ወደ መጨረሻው ጣጣ ያመጣኛል፤ «ቻርጅባክ» ወደሚባለው። እስካሁን ያልኳችሁ ሁሉ ተሟልቶ፣ ማሽኑ ፈቅዶ፣ ሂሳቡ ተዘግቶ፣ ገንዘቡ ገብቶ፣ እናንተም ለኪራይ ከፍላችሁበት፣ ከሁለት ወር በኋላ ባንኩ ገንዘቡን መልሶ ከሂሳባችሁ ሊወስደው ይችላል። የካርዱ ባለቤት «ይህን እኔ አልገዛሁም» ወይም «ዕቃው አልደረሰኝም» ብሎ ከተቃወመ ማለት ነው። በቪዛም ሆነ በማስተር ካርድ ለብዙው ዓይነት ተቃውሞ የሚሰጠው ጊዜ 120 ቀን ነው። ለነጋዴው መልስ መስጫ የሚሰጠው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ስለሆነ ከባንክ የሚመጣ ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ሳይከፈት አይደር።

እኔ ላይ የደረሰው እንዲህ ነው። አንድ ሰው በስልክ ደውሎ ጥሩ አማርኛ እየተናገረ ብዙ ቡናና የባህል ልብስ አዘዘኝ፤ የካርድ ቁጥሩን በስልክ ነገረኝ፣ እኔም ማሽኑ ላይ በእጄ መታሁት። «አፕሩቭድ» አለ። ዕቃውን በአውቶቡስ ወደ ካምፓላ ላክሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ ገንዘቡ ከሂሳቤ ተወሰደ፤ ካርዱ የሌላ ሰው ኖሯል። «ፈቅዳችሁልኝ የለም ወይ?» ብዬ ተከራከርኩ። የተሰጠኝ መልስ አጭር ነበር። ፈቃዱ ካርዱ የሚሠራና ገንዘብ ያለው መሆኑን እንጂ ደዋዩ ባለቤቱ መሆኑን አያረጋግጥም። ካርዱ ራሱ በቺፑ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ፣ ባለቤቱም የምሥጢር ቁጥሩን ራሱ መትቶ ቢሆን ኖሮ «እኔ አይደለሁም» የሚለው ክስ በቀላሉ አይረታኝም ነበር። ከዚያ ወዲህ በስልክ የሚነገር የካርድ ቁጥር አልቀበልም። እዚህ ካላችሁት አንዳንዶቻችሁ በዚህ ተቀይማችሁኛል፤ አውቃለሁ።

በነገራችን ላይ የማሽን ወረቀት የሚጻፈው በሙቀት ነው፣ ስለዚህ ይጠፋል። እኔ ለአንድ ክርክር የፈለግሁትን ደረሰኝ ከመስኮት ሥር ካስቀመጥኩት ካርቶን ሳወጣ ነጭ ወረቀት ሆኖ ነው ያገኘሁት። አሁን ትልልቆቹን ሽያጮች ልጄ በስልኳ ፎቶ ታነሳቸዋለች፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ተኩልም እናስቀምጣቸዋለን።

ስለ ስልክ ገንዘብ ብዙ አልልም፤ ኤም ፔሳ እዚህ ኬንያ ከተጀመረበት ከ2007 ወዲህ ሁላችሁም ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። የደንበኛውን ስልክ አይታችሁ ዕቃ አትስጡ፤ የራሳችሁ መልእክት ይምጣ፣ እርሱንም ከሂሳባችሁ ጋር አመሳክሩት። የተፈበረከ መልእክት ማሳየት ለሌባ ቀላል ነው። አገር ቤት ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021፣ ኤም ፔሳም በ2023 ከጀመሩ ወዲህ ወንድሜ የሚያወራኝ ስለ ካርድ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ጥያቄው ግን ያው «ተቆርጧል፣ አልገባም» ነው። እኔም «ከማን ተቆረጠ? ወረቀቱ ምን ይላል? ሂሳብ ዘግተሃል? ትናንት እሑድ አልነበረም?» እያልኩ እጠይቀዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስተኛው ጥያቄ አናልፍም።

ማታ ሱቅ ስዘጋ የማደርገውን ነግሬአችሁ ላብቃ። ማሽኖቹን ሁለቱንም አስነስቼ ያልተላከ ነገር መኖሩን አያለሁ፤ ሴትልመንት አደርግና ድምሩን በደብተር እጽፋለሁ። ከጎኑ ባዶ መስመር እተዋለሁ። ባንክ ሲገባ ቀኑንና የገባውን መጠን እዚያ መስመር ላይ እሞላለሁ፤ መስመሩ ከሦስት የሥራ ቀን በላይ ባዶ ከቆየ እደውላለሁ። ደብተሩ የአባቴን የዱቤ ደብተር ይመስላል፣ ጫፉም መበላት ጀምሯል።

ዛሬ ያንን ደብተር፣ የቁጥሮቹን ካርቶንና አንዱን ማሽን ይዤ መጥቻለሁ። ከምሳ በኋላ ቡናው ከሚፈላበት ጠረጴዛ አጠገብ እቀመጣለሁ። ያልገባችሁ ደረሰኝ ያላችሁ አምጡት፣ አብረን እናየዋለን። ካርቶኑን ለመገልበጥ የምትፈልጉ እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፤ የእኔዎቹ ብዙዎቹ የተሰበሩ ናቸው።